የአንባቢያን ጥያቄ፦ ከቀዳዳው ወዲያ ያለው ጠርዝ

በዚህ እትም የምንመልሳቸው ጥያቄዎች በአንድ ዓይነት ሥራ ዙሪያ ናቸው፤ ተመልካቹ ሁሉንም እንዳያይ ሆን ብሎ የሚከለክል ኢንስታሌሽን፣ ማለትም አንድን ቦታ ራሱን ሥራ አድርጎ የሚገጠም ጥበብ። ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ የፈረንሳይ ተወላጁ ሠዓሊ የማርሴል ዱሻን «ኤታን ዶኔ» በበር ላይ ባሉ ሁለት ቀዳዳዎች ብቻ የሚታይ ሥራ እንደሆነ ተምረናል። ተመልካቹ እንዴትም ቢንጠራራ ውስጥ የተጋደመችውን የሴት ቅርጽ ፊት ማየት አይችልም ይባላል። ቀዳዳው ስለጠበበ ነው? — የሥነ ጥበብ ተማሪ፣ አዲስ አበባ

መልስ፦ አይደለም። ቀዳዳ ብቻውን ይህን ያህል መደበቅ አይችልም፤ ዓይን ወደ ቀዳዳው ቀረብ፣ ወደ ጎን ፈቀቅ ባለ ቁጥር አዲስ ነገር ያገኛል። ፊላደልፊያ የሥነ ጥበብ ሙዚየም ውስጥ ያለው ይህ ሥራ የሚሠራው በሁለት ጠርዝ ነው። ከፊት ከስፔን የመጣ አሮጌ የእንጨት በር አለ። ከበሩ ወዲያ በጥቁር ከፋይ የተሸፈነ ባዶ ቦታ፣ ከዚያ ደግሞ መሐሉ የተናደ የጡብ ግድግዳ ይመጣል። ሴቲቱ፣ የተጋደመችበት ጭራሮ፣ በእጇ የያዘችው የጋዝ ፋኖስና በስተኋላ የሚወርደው ፏፏቴ ያሉት ከጡቡ ወዲያ ነው። ፊቷን ከዓይን የሚሰውረውም የጡቡ ጠርዝ ነው። የበሩ ቀዳዳ ሥራ ዓይንን አንድ ቦታ ላይ ማሰር ብቻ ነው። ዓይን ከታሰረ በኋላ ምን እንደሚታይና ምን እንደሚቀር የሚወስነው ሁለተኛው ጠርዝ ነው። ይህን የተረዳ ሰው ከታች ያሉትን መልሶች ግማሹን ራሱ ሊደርስባቸው ይችላል።

ሌሎቹም ዝርዝሮች መታወቅ አለባቸው። ዱሻን ከ1946 እስከ 1966 በኒው ዮርክ በድብቅ ሠራው፤ ሰው ጥበብ መሥራት ትቶ ቼዝ ላይ ነው ያለው ብሎ ሲያምን ማለት ነው። በ1968 ሞተ፣ ሥራው ለሕዝብ የቀረበው በ1969 ነው። ሙዚየሙ ፈታትቶ መልሶ ሊገጥመው የቻለው ዱሻን በፎቶና በእጅ ጽሑፍ የተሞላ የመገጣጠሚያ መመሪያ ስለተወለት ነው። ሙዚየሙ የውስጡን ፎቶ ለ15 ዓመት ላለማሳተምም ተስማምቶ ነበር። ፏፏቴው የሚንቀሳቀስ የሚመስለው በብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ የተቀመጠች ትንሽ ሞተር ቀዳዳ ቀዳዳ ያለው ዲስክ ከብርሃን ፊት ስለምታዞር ነው። ተመልካቹ ቀርቦ ሊመረምረው ስለማይችል ይህን የመሰለ ቀላል ዘዴ ይበቃል። እይታን መገደብ ወጪም ይቀንሳል፤ የማይታየውን ጎን ማሳመር አያስፈልግም።

ጥያቄ፦ በኮምፔንሳቶ ትልቅ ሳጥን ሠርቼ በአንድ ቀዳዳ የሚታይ ትዕይንት ማዘጋጀት እፈልጋለሁ። ትዕይንቱ ከቀዳዳው 2 ሜትር ይርቃል። ቀዳዳው ስንት ይሁን? ውፍረቱስ ለውጥ አለው? — ከሀዋሳ

መልስ፦ አለው፣ እንዲያውም ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚያ ላይ ነው። ሂሳቡ እንዲህ ነው። ሰው ጠፍጣፋ ጣውላ ላይ ሲያፈጥ አፍንጫው ስለሚያግደው ዓይኑ ከጣውላው 25 ሚሊ ሜትር ያህል ይርቃል፤ መነጽር ካለው ደግሞ ይበልጣል። በዚህ ላይ የጣውላውን ውፍረት ይደምሩ። የቀዳዳውን ስፋት በድምሩ ያካፍሉና በትዕይንቱ ርቀት ያባዙ። ለ12 ሚሊ ሜትር ቀዳዳና ለ18 ሚሊ ሜትር ኮምፔንሳቶ፦ 12 ሲካፈል ለ43 ወደ 0.28 ነው፤ በ2 ሜትር ርቀት 56 ሴንቲ ሜትር ስፋት ይታያል። ጣውላው 4 ሚሊ ሜትር ቢሆን ግን በዚያው ቀዳዳ 83 ሴንቲ ሜትር ይታያል።

ይህ ዓይኑ ከቀዳዳው ትይዩ ሲሆን ነው። ተመልካች ግን ዝም ብሎ አይቆምም፣ ፊቱን ወዲህ ወዲያ እያለ በሰያፍ ይመለከታል። ሰያፉን የሚገታው ውፍረቱ ነው። በ18 ሚሊ ሜትር ጣውላ ውስጥ ባለ 12 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ ከመሐል ወደየጎኑ ከ34 ዲግሪ በላይ ማየት አይቻልም። በ4 ሚሊ ሜትሩ ግን ወደ 72 ዲግሪ ይደርሳል፤ የሳጥኑ የጎን ግድግዳ፣ ገመዱ፣ አምፖሉ ሁሉ ይጋለጣል። ስለዚህ ቀጭን ጣውላ ካለዎት ቀዳዳው አካባቢ ብቻ ከኋላ ሌላ ጣውላ በኮላ ደርበው ያወፍሩት። አናጢው ለውበት ብሎ የቀዳዳውን የኋላ ጠርዝ በሰያፍ እንዳይሞርደው ይንገሩት፤ የተሞረደ ጠርዝ ወፍራሙን ጣውላ ወደ ቀጭን ይመልሰዋል። የፊቱ ጠርዝ ግን ቆዳ እንዳይቧጥጥ በብርጭቆ ወረቀት መለስለስ አለበት።

አሁን ሁለተኛውን ጠርዝ ያስገቡ፤ በጥቁር የተቀባ ማንኛውም ፍሬም ይሆናል። የት ይቁም? ቀዳዳው ነጥብ ስላልሆነ የፍሬሙ ጠርዝ የሚደብቀው ነገር ድንበር የተወሰነ ያህል ይዋዥቃል። ፍሬሙ ከቀዳዳው 40 ሴንቲ ሜትር ላይ ከሆነ በ2 ሜትር ርቀት ያለው ድንበር ወደ ሁለቱም አቅጣጫ 2.4 ሴንቲ ሜትር ይዋዥቃል። 80 ሴንቲ ሜትር ላይ ከሆነ ከ1 ሴንቲ ሜትር በታች ነው። ፍሬሙ ወደ ትዕይንቱ በቀረበ ቁጥር መደበቁ አስተማማኝ ይሆናል፣ ግን ራሱ ፍሬሙ ይበልጥ ጎልቶ ይታያል። ዱሻን ይህን የፈታው ፍሬሙን የትዕይንቱ አካል፣ የፈረሰ ጡብ፣ በማድረግ ነው።

ሁለት ቀዳዳ ካሰቡ ሂሳቡ ይለወጣል። የአዋቂ ሰው የዓይን ብሌኖች በአማካይ 63 ሚሊ ሜትር ይራራቃሉ፤ ግራ ዓይን የማያየውን ቀኝ ዓይን ከጠርዙ ጀርባ ያየዋል። በ40 ሴንቲ ሜትሩ ፍሬም የጎን ድንበሩ ወደየአቅጣጫው 15 ሴንቲ ሜትር ያህል ይዋዥቃል። ስለዚህ በሁለት ቀዳዳ መደበቅ የሚፈልጉትን ነገር በጎን በኩል ሳይሆን ከላይ ወይም ከታች ባለው ጠርዝ ይሸፍኑ። ደግሞ አንድ ዓይን ጥልቀትን በቅጡ አይለይም፤ በጠፍጣፋ ሸራ ላይ የተሳለ ኋለኛ ገጽታ በአንድ ቀዳዳ ሲታይ እውነተኛ ቦታ ይመስላል። በ17ኛው ክፍለ ዘመን ሆላንዳዊው ሳሙኤል ፋን ሆህስትራተን የሠራው፣ አሁን ለንደን ናሽናል ጋለሪ ያለው የቀዳዳ ሳጥን በዚህ ነው የሚሠራው፦ ቀዳዳዎቹ ሁለት ቢሆኑም በተለያየ ጎን ናቸው፤ በአንድ ጊዜ አንድ ዓይን ብቻ ያያል። ሥዕል ካለዎት አንድ ቀዳዳ፣ ቅርጽ ካለዎት ሁለት።

መፈተሻው ቀላል ነው። ክፍሉን ያጨልሙና የስልክ መብራት በቀዳዳው በኩል ወደ ውስጥ ያብሩ፤ በግራ፣ በቀኝ፣ በላይና በታች ጠርዝ እያስጠጉ። ብርሃኑ ያረፈበት ሁሉ ለተመልካች ይታያል፤ ጥላ ውስጥ የቀረው አይታይም። ረዳትዎ ውስጥ ሆኖ የጥላውን ድንበር በጠመኔ ያስምር። ከዚህ በፊት የአንዲት አምፖል ቦታ እንኳ አይወስኑ።

ጥያቄ፦ ሰዎች ስልካቸውን ቀዳዳው ላይ ለጥፈው ያነሳሉ። የሚያስቆጣው ደግሞ በስልክ በዓይን ከሚታየው የበለጠ መታየቱ ነው። ምን ይሻላል? — ከአዳማ

መልስ፦ የሚበልጠው ሌንሱ አፍንጫ ስለሌለው ነው። ያ 25 ሚሊ ሜትር ይጠፋና ሌንሱ ጣውላውን ይነካል፤ ሰፊ ሌንስ ያለው ስልክ ደግሞ ቀዳዳው የሰጠውን ማዕዘን በሙሉ ይጠቀምበታል። «ፎቶ ማንሳት ክልክል ነው» የሚለው ወረቀት የሚጠቅመው ጠባቂ አጠገቡ ሲቆም ብቻ ነው። ከላይ ያልነው ወፍራም ጣውላና ሁለተኛ ፍሬም ግን ለስልክም ይሠራል፤ ፍሬሙ የደበቀውን ሌንስም አያገኘውም። ብዙ ሠሪዎች ቀዳዳውን ማጥበብ ይሞክራሉ። 6 ሚሊ ሜትር ሲደርስ የዓይን ብሌን ራሱ ስለሚሸፈን ምስሉ ይደበዝዛል፣ ተመልካቹ ይናደዳል፣ ስልኩ ግን አሁንም ያነሳል።

ጥያቄ፦ ቀዳዳውን በምን ከፍታ ላድርግ? ልጆችም በዊልቼር የሚመጡም አሉ።

መልስ፦ ሁሉም ተቀምጠው እንዲያዩ ያድርጉ። ለቆመ አዋቂ ከፍ ያለ፣ ለልጅ ዝቅ ያለ ሁለት ቀዳዳ ቢያበጁ ከዝቅተኛው የሚያይ ሰው በፍሬሙ ሥር አሻግሮ የደበቁትን ሁሉ ያያል፤ ሁለት ሳጥን የመሥራት ያህል ነው። ቀዳዳውን ከወለል 115 ሴንቲ ሜትር ያህል ላይ አድርገው ከፍ ዝቅ የሚል በርጩማ ያስቀምጡ። በዊልቼር ያለ ሰው ዓይንም እዚያው አካባቢ ነው፤ ጉልበቱ እንዲገባ ግን ከሳጥኑ ግርጌ 70 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ያለው ክፍት ቦታ ይተዉ። የቀዳዳውን ዙሪያ በየሰዓቱ በአልኮል ይጥረጉ። ቀለሙ በአልኮል የሚለቅ ከሆነ በተመልካቾች ግንባር ላይ ያገኙታል፤ አስቀድመው ይሞክሩት።

ጥያቄ፦ ለትዕይንት የተሰጠን ክፍል መስኮት የለውም። ፍጹም ጨለማ አድርገን መሐሉ ላይ እጅግ ደብዛዛ ብርሃን ብቻ ማስቀመጥ አስበናል፤ ግን የገባው ሁሉ «ምንም የለም» ብሎ ይወጣል። — ሦስት ጓደኛሞች፣ ከድሬዳዋ

መልስ፦ እውነታቸውን ነው፣ ገና ምንም የለም። ከፀሐይ የገባ ዓይን ጨለማ የሚለምደው በሁለት ዙር ነው፦ ቀለም የሚለዩት ሕዋሳት በ10 ደቂቃ ውስጥ የሚችሉትን ያደርጋሉ፣ ለደብዛዛ ብርሃን የተፈጠሩት ግን ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ይፈልጋሉ። በ2 ደቂቃ የሚወጣ ሰው የእናንተን ሥራ ሊያይ አይችልም። በብርሃን የሚሠራው አሜሪካዊ ጄምስ ተሬል በ1983 በፒትስበርግ «ማትረስ ፋክተሪ» ሙዚየም ያስቀመጠው «ፕሊያዲስ» ተመልካቹን በጨለማ መተላለፊያ አሳልፎ ወንበር ላይ ያስቀምጠዋል፤ ብርሃኑ ከመጀመሪያውም እዚያ አለ፣ የሚመጣው የተመልካቹ ዓይን ነው። በጃፓን ናኦሺማ ደሴት በ1999 ታዳኦ አንዶ በነደፈው ቤት ውስጥ ያለው ሥራውም እንዲሁ። ወንበር ያስቀምጡ፣ በር ላይ የሚቆየውን ጊዜ ይንገሩ፣ ሰውን በቡድን ያስገቡ። በየደቂቃው ሰው ከገባ በየደቂቃው የሁሉም ዓይን ወደ ዜሮ ይመለሳል። ስልክም በር ላይ ይቅር፤ አንድ ስክሪን ለ15 ደቂቃ የተቀመጡትን ሁሉ ይዘርፋል። ሌላ ምክር፦ እጅግ ደብዛዛ ነገር በቀጥታ ሲያዩት ይጠፋል፣ ትንሽ ወደ ጎን ሲያዩ ይመጣል። ይህን ለተመልካቹ መንገር ያለመንገር የእናንተ ምርጫ ነው፤ እኛ ባንናገር እንመርጣለን።

መግቢያው በር ሳይሆን ሁለት ጊዜ የሚታጠፍ መተላለፊያ ይሁን። ስፋቱ 120 ሴንቲ ሜትር፣ ግድግዳው፣ ጣሪያውና ወለሉ የማያብለጨልጭ ጥቁር። ወለሉን የረሳ ሰው ብርሃኑ ከስር እየነጠረ ሲገባበት ያያል። ቦታ ከሌለ 2 ሜትር ተራርቀው የተሰቀሉ ሁለት ወፍራም መጋረጃዎች ይተኩታል፤ የመጋረጃው ሁለት ክፍል ቢያንስ 40 ሴንቲ ሜትር ይደራረብ፣ ከታች ሰንሰለት ይሰፋበት። የተለመደው ስህተት ክፍሉን ገብቶ፣ «ጨለማ ነው» ብሎ ወዲያው መውጣት ነው። በእኩለ ቀን፣ ፀሐዩ ሲበረታ፣ ናስትሮ ይዛችሁ ገብታችሁ 20 ደቂቃ ተቀመጡ። ከዚያ በኋላ የሶኬቱ ቀዳዳ፣ የጣሪያው ስንጥቅ፣ የቬንትሌተሩ ትንሽዬ አረንጓዴ መብራት አንድ በአንድ ይገለጣሉ፤ እያያችሁ ትለጥፋላችሁ።

አንድ የማትነኩት ብርሃን አለ፤ የአደጋ ጊዜ መውጫ ምልክት። አትሸፍኑት። የመተላለፊያው መታጠፊያ ከተቀመጡት ሰዎች ዓይን ብቻ ይከልለው፣ በመውጫው መንገድ ሁሉ ግድግዳው ላይ የሚዳሰስ ገመድ ዘርጉ፣ ሙሉውን መብራት በአንድ ማብሪያ የሚያበራ ሰው ሁልጊዜ በር ላይ ይኑር። በ1980 በኒው ዮርክ ዊትኒ ሙዚየም የተሬልን ብርሃን ጠጣር ግድግዳ መስሏቸው ተደግፈው የወደቁ ሰዎች ሙዚየሙን ከሰዋል።

ትዕግሥት መጠየቅ ካልፈለጋችሁ ሌላ መንገድ አለ። ፖላንዳዊው ሚሮስዋቭ ባልካ በ2009 ለንደን ቴት ሞደርን ሙዚየም ውስጥ ያቆመው 30 ሜትር ርዝመትና 13 ሜትር ከፍታ ያለው የብረት ሳጥን በአንድ ጎኑ ክፍት ነበር፤ ውስጡ ጥቁር። ሰው ወደ ጥቁሩ እየሄደ ሳለ ዞር ሲል የሚከተሉትን ሰዎች በብርሃን ላይ ጥላ ሆነው ያያቸዋል። እዚያ ዓይን መልመድ አያስፈልገውም፣ የጨለማ ክፍልም አያሻም፤ የሚያስፈልገው ጥልቀትና ብርሃን የሚውጥ ግድግዳ ነው።

ጥያቄ፦ ነጭ ሻሽ ሰቅዬ ከኋላው ያለው ሰው መሰል ቅርጽ አንዴ እንዲታይ አንዴ እንዲጠፋ አደርጋለሁ ብዬ ነበር። ሁልጊዜ ደብዘዝ ብሎ ይታያል፣ አይጠፋም። — ከመቀሌ

መልስ፦ የፊት መብራትዎ ከሻሹ ፊት ለፊት ሳይሆን አይቀርም። ትይዩ የመጣ ብርሃን በክሮቹ መሐል አልፎ ቅርጹን ያበራዋል። መብራቱን ከሻሹ 30 ወይም 40 ሴንቲ ሜትር ያህል ፈቀቅ አድርገው ከላይ ወደ ታች፣ ጨርቁን እየላሰ እንዲወርድ ይስቀሉ። ቅርጹን ከሻሹ ቢያንስ 1 ሜትር ተኩል ያርቁት፣ ከጀርባው ጥቁር ይጋርዱ። እንዲታይ ሲፈልጉ የፊቱን አጥፍተው ቅርጹን ከጎን ያብሩ፤ ከኋላ በቀጥታ ከመታ ግን ብርሃኑ ሻሹ ላይ አርፎ ነጭ ያደርገዋል።

ጨርቁን የሚልስ ብርሃን እያንዳንዱን ሽብሽብ ያጋንናል። ሻሹን አጥበው፣ ተኩሰው፣ ከታች ቀጭን ቧንቧ አስገብተው ይወጥሩት። ሁለት ሻሽ ሰፍተው ከቀጠሉ ስፌቱ እንደ ምሰሶ ቆሞ ይታያል፤ ወይ ስፌቱን የሥራው አካል ያድርጉት ወይ በአንድ ስፋት ይወሰኑ። ነጠላም ይሠራል፣ ጥበቡን ግን ከእይታ ውጭ ያድርጉ። ከጨርቁ ትርፍ ቁራጭ ደጅ ወስደው በክብሪት ይሞክሩ፤ ስስ ጥጥ እንዴት ፈጥኖ እንደሚነድ ካዩ በኋላ ከኤልኢዲ ሌላ አምፖል አያስጠጉትም።

ጥያቄ፦ የጭጋግ ክፍል ለመሥራት ምን ያስፈልጋል?

መልስ፦ ብዙ ገንዘብና ጠንካራ ጠባቂዎች። አንቶኒ ጎርምሊ በ2007 ለንደን ሄይዋርድ ጋለሪ ያሳየው የመስታወት ክፍል፣ ኦላፉር ኤሊያሰን በ2010 ዴንማርክ አርከን ሙዚየም የሠራው 90 ሜትር መተላለፊያ ሰውን በክንድ ርቀት የሚሰውሩት ጭጋጉን በደማቅ ብርሃን ስለሚሞሉት ነው፤ ጨለማ ውስጥ ጭጋግ ያን ያህል አይደብቅም። በኪራይ የሚገኘው የሠርግ ጭስ ማሽን ለሙሉ ቀን አልተሠራም፤ ወለሉን አንሸራታች ያደርጋል፣ የጭስ ማስጠንቀቂያውን ያስጮኻል፣ አስም ያለበትን ያስላል። በትንሽ በጀት አንመክርም።

ጥያቄ፦ ይህ ሁሉ ከምዕራባውያን የመጣ አዲስ ነገር ተደርጎ ይነገራል። እኛ በመቅደሱ መጋረጃ ያደግን ሰዎች ነን፤ ይህስ ኢንስታሌሽን አይባልም? — ከጎንደር

መልስ፦ አይባልም ብለን እናምናለን። መጋረጃው የሥርዓቱ ነው፤ በሰዓቱ ይከፈታል በሰዓቱ ይዘጋል፣ የተጋረደውም ተመልካችን ለማጓጓት አልተጋረደም። ዱሻን ግን ማጓጓትን ነው የሠራው። የግንባታው ጥበብ ግን ሊጠና ይገባዋል፣ እዚያ ላይ ከእርስዎ ጋር ነን። በክቡ ቤተ ክርስቲያን ሰው ከቅኔ ማህሌት ወደ ቅድስት ሲዘልቅ መቅደሱ መሐል ላይ ይገጥመዋል፤ ውስጡን አያይም፣ ግን ባዶ ግድግዳ ፊት አይቆምም። በጣና ዑራ ኪዳነ ምሕረት የመቅደሱ ግድግዳ ከላይ እስከ ታች ሥዕል ነው። የሚከለክለው ግድግዳ ራሱ የሚነበብ ነው። ስፔናዊው ሳንቲያጎ ሲዬራ በ2003 በየሁለት ዓመቱ በሚካሄደው የሥነ ጥበብ ትርኢት በቬኒስ ቢየናሌ የስፔንን ማሳያ ቤት መግቢያ በግንብ ዘግቶ በጓሮ በር የስፔን ፓስፖርት ያለውን ብቻ ሲያስገባ የሠራው ግድግዳ ግን ለማስቆም ብቻ የቆመ ነበር፣ ሐሳቡም ያ ነው። ሠሪው መጀመሪያ መወሰን ያለበት ከሁለቱ የትኛውን እንደሚሠራ ነው።

ጥያቄ፦ ሳጥናችንን ከፍተን ሰው ሁሉ አልፎት ይሄዳል፤ ቀዳዳ እንዳለው አያውቅም። ቀስት መለጠፍ ደግሞ ያስጠላል።

መልስ፦ በፊላደልፊያም አሮጌ በር ብቻ አይተው የሚመለሱ አሉ። ቀስት አይለጥፉ። የውጩን ክፍል ብርሃን ቀንሱና ከቀዳዳው ውስጥ ትንሽ ሞቅ ያለ ብርሃን ወደ ውጭ እንዲያመልጥ አንድ አምፖል ለዚህ መድቡ፤ ከ3 ሜትር ርቀት ላይ ቀዳዳው እንደሚበራ ነጥብ መታየት አለበት። ቀርቦ የሚያይ ሰው ዓይኑ እንዳይወጋ አምፖሉ በሁለተኛው ፍሬም ጥግ ተከልሎ ከጀርባው ነጭ ካርቶን ይምታ፣ ነጥሮ የሚመጣው ብርሃን ብቻ ይውጣ። ከቀዳዳው ፊት ያለችው በርጩማም ትረዳለች፣ ግን ወደ ሳጥኑ የዞረች እንጂ ግድግዳ የተደገፈች አትሁን። መብራት በሚጠፋባቸው ሰዓቶች ሥራውን በባትሪ ማስቀጠል ካልቻላችሁ ቀዳዳውን በቡሽ ድፈኑት።